ከፊት የተነበበው ቃል

«ከፊት ነው ከኋላ?» አሉ አያቷ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ እንዳዞሩ።

ልጅቷ ወዲያው አልመለሰችም። ወፍራሙ የማስታወቂያ ደብተር ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። አጥሩ ላይ አገጯን ያስደገፈችው፣ ሬዲዮ የሚሏት ጓደኛዋ፣ «ቶሎ በያ!» በሚል ዓይነት ቅንድቧን ታነሳለች፣ ታወርዳለች።

ጥያቄው ለእንግዳ ሰው ምንም አይደለም። ለዚያ መንደር ግን ትልቅ ጥያቄ ነበር። የጸሎት ቤቱ ደብተር ሁለት አፍ አለው። ከፊት በኩል ከከተማው ዋና ጸሎት ቤት ማኅተም ተመትቶበት የመጣ ደብዳቤ ይገለበጥበታል። እሱ ሲነበብ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቆማል፤ ንባቡ ሲያልቅም በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላል። ደብተሩ ተገልብጦ ከኋላ ሲከፈት ደግሞ የመንደሩ ጉዳይ ነው፦ የጠፋ ፍየል፣ የተገኘ ቁልፍ፣ የመንገድ ሥራ ተራ። ያኔ ሰው ይቀመጣል። ከተቀመጠ ደግሞ ይናገራል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ለምን፣ ቅጽል ስማቸው ከአመላቸው የወጣ ነውና፣ ሳይጠይቁ የሚያልፉት ማስታወቂያ የለም። «ፍየሏ ጠፋች ያለው ማነው? ጌታዋን ጠልታ ኮብልላ እንደሆነስ?» ይላሉ። ሰው ይስቃል፣ ይከራከራል፤ አንዳንዴም የጠፋው እዚያው ይገኛል።

ቆሞ የሰማውን ግን ማንም አይጠይቅም። ጋሼ ለምን እንኳ።

አያቷ የዚህ ደብተር አንባቢ ከሆኑ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በመንደሩ «አንባቢው» ከተባለ እሳቸው ናቸው። ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር፦ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ አንዲት ፊደል አላነበቡም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ከዚያ አያልፍም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ታነብላቸዋለች። እሳቸው በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ በቃላቸው ይይዙታል፤ በማግስቱ ደብተሩን ፊታቸው ላይ ዘርግተው አንዲት ቃል ሳይስቱ ይወጡታል። የትኛው ገጽ እንደሆነ እንዳይጠፋቸው ጥጉን ታጥፍላቸዋለች። ወደ ጸሎት ቤት የሚወስደውን መንገድ በእርምጃ ቁጥር ያውቁታል። እናቷ ከተማ ሰው ቤት ስለምትሠራ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ምስጢሩም የሁለቱ ብቻ ነው፤ ሬዲዮ እንኳ አያትየው ልጅቷን ንባብ የሚያለማምዷት ነው የሚመስላት። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ደብተሩ ላይ የምትጽፈውም እሷ ስለሆነች «ብዕሬ» ይሏታል፤ መንደሩም ከእሳቸው ሰምቶ እንደዚያው ይጠራታል።

«ብዕሬ፣ አንቀላፋሽ እንዴ? ከፊት ነው ከኋላ?»

ዛሬ የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያመጣችውም ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ሬዲዮ የተባለችው ሰው ሳይከፍታት ስለምትናገር ነው። ከተማ የቀን ሥራ የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ በስልክ መልእክት ልኮላት፣ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ወጥታ ተቀብላ፣ በሩጫ ነበር የመጣችው።

«በአምላክ ስም» ብሎ ይጀምራል መልእክቱ። «ወደ ጉድጓድ የሚጨመረው ነጭ ዱቄት የሴት ልጆችን ማህፀን ያደርቃል። በሦስት አገር ተረጋግጧል። ነጭ ዱቄት ይዘው የሚመጡትን አትቀበሉ። ይህን አንብቦ ለወገኑ ያላሰማ በልጆች ደም ይጠየቃል።»

ባለፈው ሳምንት የጤና ሠራተኛዋ በሞተር ብስክሌቷ መጥታ፣ ጎርፍ የገባበትን የመንደሩን ጉድጓድ አስከፍታ፣ ነጭ ዱቄት በጥብጣ ስትጨምር ሁሉም አይቷል። «ለጥቂት ቀን ትንሽ ይሸታል፤ አይዟችሁ» ብላ ነበር። እውነትም ሸተተ።

«በናትሽ ጻፊው» ብላት ነበር ሬዲዮ። «ለእናቴ እንኳ ሳልነግር ወዳንቺ ነው የሮጥኩት! ያንቺ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ማተሚያ ቤት ነው።»

«ወንድምሽ ከየት ሰማው?»

«ከጓደኛው። ጓደኛው ደግሞ… ኧረ ተይኝ፤ ፖሊስ ነሽ እንዴ?»

የደብተሩ የኋላ ገጾች ሞልተዋል። ከፊት በኩል ግን ንጹሕ ገጽ ነበር፤ እዚያ ጻፈችው። «በአምላክ ስም» የሚለው ከላይ ጎላ ብሎ ሲታይ እውነትም ከዋናው ጸሎት ቤት የመጣ ይመስል ነበር። እንዳልመጣ ታውቃለች። ግን «ከኋላ ነው» ብትል፣ ነገ ጋሼ ለምን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ማነው ያለው?» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል፤ ሬዲዮ መግቢያ ታጣለች። በአምላክ ስም የተጀመረ ነገር ይሳቅበታል? ስለ ልጆች ደም የሚናገር ነገር እንደ ጠፋ ፍየል ይሆናል?

«ከፊት ነው» አለች።

አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «በይ ቀጥዪ፤ ቀስ እያልሽ።»

በማግስቱ ደብተሩ ከፊት ሲገለጥ ሰው ሁሉ ተነሣ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሲጢጥ አሉና ጸጥ ሆነ። አያቷ ሲያነቡ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው ሳይሆን ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። «የሴት ልጆችን ማህፀን» ሲሉ እናቶች ሳይታወቃቸው ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳቡ። «በልጆች ደም ይጠየቃል» ብለው ሲጨርሱ አንድም ሰው አላሳለም።

«አሜን!»

ጋሼ ለምን ራሳቸው አሜን አሉ። ልጅቷ እጇ የጻፈው ቃል በአያቷ ድምፅ ጣሪያውን ሲሞላው ሰምታ ደስ አላት። ኋላ፣ ሁሉም ከሆነ በኋላ፣ ከምንም በላይ ያፈረችው በዚህ ደስታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጉድጓዱ ክዳን ላይ እሾህ ተከምሮ ተገኘ። ማን እንደከመረው አልታወቀም፤ የሚያነሳውም ጠፋ። ቢጫ ጀሪካኖች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ወንዝ አዞሩ። ወንዙ ከጎርፉ ወዲህ ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል፤ ከላይ በኩል ከብት ይገባበታል፤ ከዚያም በላይ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ጭቃ ያቦካሉ፣ ይታጠባሉ፣ ሌላም ሌላም።

«የሚሄድ ውሃ ራሱን በራሱ ያጠራል፤ ፋራ አትሁኚ» አለች ሬዲዮ ጀሪካኗን እየደፈቀች። የሦስት ዓመት ወንድሟን በጀርባዋ አዝላለች። ድንቡሼ ይሉታል፤ ጉንጩ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ፣ ሁለት ቃል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነው፦ «ስጪኝ» እና «እምቢ»።

«ስጪኝ» አለ ድንቡሼ ወደ ውሃው እያመለከተ። ሬዲዮ በእፍኟ ቀድታ አጠጣችው።

ሐሙስ ዕለት ባለሞተሯ የጤና ሠራተኛ ተመለሰች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጉድጓዱ ዙሪያ ሴቶች እጃቸውን አጣምረው ቆመው አገኘቻቸው።

«ይህን እሾህ ማን ነው ያደረገው? ደኅና ናችሁ?» ትላለች ባለሞተሯ የራስ ቁሯን በክንዷ እንደያዘች።

«ደኅና ነን። ደኅና እንደሆንንም እንቆያለን» አሉ የሬዲዮ እናት። «ቃል ተነግሮናል።»

«የማን ቃል?»

«ከፊት የተነበበ።»

ባለሞተሯ አልገባትም። «የምን ፊት?» ብላ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «እህቶቼ፣ እኔም ሴት ነኝ፤ እኔም እጸልያለሁ። ይህ ዱቄት ክሎሪን ነው። ጎርፉ ያስገባውን ጀርም ነው የሚገድለው።»

«ጸልዪ፤ ዱቄትሽን ይዘሽ ጸልዪ» አለች አንዷ። ሳቅ ተሰማ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ።

ባለሞተሯ ተነፈሰችና ከቦርሳዋ ትንንሽ የታሸጉ ወረቀቶች አወጣች። «እሺ። ቢያንስ ይህን ያዙ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። መድኃኒትም አይደለም፤ ጨውና ስኳር ነው።»

የሬዲዮ እናት አንዱን ተቀብለው ጥጉን ቀደዱት። መዳፋቸው ላይ ነጭ ዱቄት ፈሰሰ።

ሁሉም ዱቄቱን አዩት። ከዚያ ዱቄቱ መሬት ላይ ተደፋ፤ የቀሩት ወረቀቶችም ባለሞተሯ እግር ሥር ተበተኑ። «እናስ? ነጭ ዱቄት ይዘው የሚመጡትን አትቀበሉ አልተባልንም?» አሉ የሬዲዮ እናት። ሞተሩ ተነሥቶ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሴቶቹ ሲበተኑ ልጅቷ ጎንበስ ብላ አራት ወረቀት ለቀመችና ደብተሮቿ መሀል ደበቀች። ለምን እንዳነሳቻቸው ራሷም አላወቀችም።

በማግስቱ የሳይንስ መምህሩን ጠየቀቻቸው። እሳቸው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ሰሟት።

«ክሎሪን በልኩ ከተጨመረ ማንንም አያመክንም። ከተማ ውስጥ በየቧንቧው አለ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አራት ዓመት ጠጥቼው ሦስት ልጅ ወልጃለሁ። ማነው እንዲህ ያለው?»

«ሰዎች።»

«ሰዎች የሚባል ሰው አላውቅም» አሉ መምህሩ። «ስም የለውም?»

ስም ነበረው። ብዕሬ ይባላል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ድንቡሼ ታመመ። ሬዲዮ ትምህርት ቤት ሳትመጣ ስትቀር ልጅቷ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ቤታቸው ሄደች። ድንቡሼ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ያ ጉንጭ የለም። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ያለቅሳል፣ እንባ ግን አይወጣውም። ቤቱ ውስጥ የታጠበ ጨርቅ በየገመዱ ተንጠልጥሏል፤ ታጥቦም ይሸታል።

«ከሌሊት ጀምሮ ነው» አለች ሬዲዮ። ድምጿ ሬዲዮ አይመስልም። «የጠጣው ሁሉ ይወጣል።»

«ይህን በጥብጡለት፤ ጨውና ስኳር ነው። መምህሩን ጠይቄያለሁ» አለችና ወረቀቱን ዘረጋች።

እናትየው ተቀበሏት። ቀደዱት፣ አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት። አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰው።

«ብዕሬ፣ በገዛ እጅሽ የጻፍሽውን ረሳሽው?»

ዱቄቱን ምድጃው አመድ ላይ ደፉት።

«እትዬ፣ ያ መልእክት እኮ…»

«ያ መልእክት ምን?»

ከዋናው ጸሎት ቤት አልመጣም ብትል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቀዋለች፦ ታዲያ አንባቢው ምን አይተው ነው ከፊት ያነበቡት? ያንን ጥያቄ መንደሩ አንዴ ከጠየቀ፣ አያቷ ከዚያ በኋላ ደብተሩን አይዙም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ያውም በእሷ አፍ።

«ምንም» አለች።

ስትወጣ ሬዲዮን ወደ ጓሮ ጠርታ፣ «ወረቀቱን ተዪው። ከራሳችሁ ጨውና ስኳር በጥብጪለት፤ ውሃውን አፍልተሽ» አለቻት። ሬዲዮ ረቡዕ እናቷ ማገዶ ለመልቀም እስኪወጡ ጠብቃ አፈላች፣ አቀዘቀዘች፣ በጠበጠች። ድንቡሼ ግን ያኔ መዋጥ አቁሞ ነበር። ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ ስታደርግለት «እምቢ» እንኳ አላለም።

ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሐሙስ ጠዋት አዝለው ሊሄዱ ተዘጋጅተው ሳለ ልጁ ሞተ።

ቀብሩ አጭር ነበር፤ የሕፃን ቀብር አጭር ነው። ከቀብር መልስ ወንዶቹ የጸሎት ቤቱን ግንብ ተደግፈው ቆሙ። ልጅቷ ከአያቷ ጎን ነበረች፤ ክንዳቸውን የያዘችው እሳቸው እንዳይደናቀፉ መሆኑን ሰው አያውቅም፤ ሐዘን ያደከማቸው ነው የሚመስለው።

«ከጉድጓዱ ቀድሞ የጠጣው ነው የገደለው» አለ አንዱ። «እሾህ ሳይከመር በፊት የጠጣው።»

«ይመስላል። መርዙ ገና ቀስ እያለ ነው የሚወጣው» አለ ሌላው።

ጋሼ ለምን ካባቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው መሬት መሬት ያያሉ። የእሳቸውም የልጅ ልጅ፣ ገና ስምንት ወር የሆናት ሕፃን፣ ከትናንት ጀምሮ ታማለች።

«እኔ እኮ» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ «ከኋላ ቢነበብ ኖሮ እጠይቅ ነበር። ማነው ያለው እል ነበር። አመሌ ነው፤ ታውቁኛላችሁ። ግን ቆሜ ሰማሁት። ሰው ቆሞ የሰማውን እንዴት ብሎ ይጠይቃል?»

የሚስቅ አልነበረም። ልጅቷ የአያቷን ክንድ ሳታስበው ጨመቀችው። «ምነው ብዕሬ?» አሏት በሹክሹክታ።

ቅዳሜ ከሰዓት አያቷ እንደ ወትሮው ከግድግዳው ሥር፣ የእንጨት ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ ነበር፤ ደብተሩም ነበር። አጥሩ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

«በይ እንጀምር» አሉ።

«አባባ፣ ያ የዱቄቱ ነገር ደብዳቤ አይደለም። የሬዲዮ ወንድም በስልክ የላከው ነው። እሱም ከማን እንደሰማው አያውቅም። ከፊት ነው ብዬ የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።»

የአያቷ ጣት ጉልበታቸው ላይ ቆመ። አንድ ዶሮ በእግራቸው መሀል አልፎ ሄደ።

«ማኅተም የለውም?»

«የለውም።»

«ድሮ ዓይኔ ሲደክም ጊዜ፣ ደብዳቤውን ተቀብዬ ማኅተሙን በጣቴ እዳስስ ነበር» አሉ። «እብጠቱ ይታወቃል። ካንቺ ጋር ከጀመርኩ ወዲህ ዳስሼ አላውቅም። ምን ያደርግልኛል? አንቺ አለሽ።»

ቢመቷት ይሻላት ነበር።

«ሰባኪው ከዋናው ጸሎት ቤት ሲመጣ ለብቻው እነግረዋለሁ» አሉ ቆይተው። «እሱ ያርመዋል።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«የጋሼ ለምን ሕፃን ሁለት ሳምንት የላትም፣ አባባ።»

«ልጄ፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሕዝብ ቆሞ አሜን ብሎበታል! ተሳስቼ አነበብኩ ካልኩ ‹ምን አይተህ አነበብክ?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው? አላየሁም ልበል? ሦስት ዓመት ሙሉ ነጭ ወረቀት ፊት ቆሜ ነው ልበል?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ከዚያ በኋላ እኔ ማነኝ? ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ።»

አያቷ ሲፈሩ ሰምታ አታውቅም ነበር። ሌሎች አያቶች ይፈሩ ይሆናል እንጂ እሳቸው ይፈራሉ ብላ አስባ አታውቅም።

ደብተሩን ከፈተች። ጠዋት የትምህርት ቤት ደብተሯ ላይ ጽፋ፣ ሰርዛ፣ ደግማ ጽፋ የገለበጠችውን ማረሚያ አነበበችላቸው፤ አንዴ፣ ከዚያም እንደ ደንባቸው ሁለተኛ። ጽሑፉ አምስት መስመር ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን አላንቀሳቀሱም።

«ከፊት ነው ከኋላ?» አሉ ስትጨርስ። በር እንደሚዘጋ ሰው ነበር የጠየቁት።

«ከፊትም ከኋላም አይደለም። ከእኔ ነው።»

«ከአንቺ የሚባል ገጽ ደብተሩ ውስጥ የለም» አሉና ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ቤት ገቡ።

እሷ ግን የገጹን ጥግ አጠፈችው።

ራት ሳይበሉ ሲጸልዩ ሰማቻቸው። የአያቷን ጸሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለታመመ፣ ለታሰረ፣ ለመንገደኛ፣ ለዝናብ። ያን ቀን ግን ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ይቅር በለኝ» ይላሉ፣ ያርፋሉ፣ ይደግሙታል። እሷም ተንበረከከች። ምን እንደምትለምን ግራ ገባት። ድንቡሼን መልስልኝ አይባልም። በመጨረሻ፣ ጉልበቴን አጽናልኝ አለች። ከዚያ ሌላ አልለመነችም።

እሑድ ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር። የሬዲዮ እናት ጥቁር ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሬዲዮ እናቷ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላለች፤ ከቀብሩ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም። የጋሼ ለምን ምራት ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች፤ ከጥቅሉ ውስጥ የሚሰማው ለቅሶ የሚመስል፣ ለቅሶ መሆን ያቃተው ነገር ነው። ከበሩ አጠገብ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ለጠማው ሰው የተቀመጠ ጀሪካንና ኩባያ አለ። ቡናማ ውሃ ነው።

አያቷ ደብተሩን ከፊት ገለጡ፤ ሰው ተነሣ። ከዋናው ጸሎት ቤት የመጣ አንድ አጭር ደብዳቤ ነበር፤ አስቀድማ ያስጠናቻቸው የሰባኪው መምጫ ቀን። አነበቡት። ከዚያ አውራ ጣታቸው የታጠፈውን ሁለተኛ ጥግ አገኘ። ልጅቷ ከሦስተኛው ረድፍ ሆና ጣቱን አየችው። እጥፋቱ ላይ ዐረፈ፤ አንዴ ዳሰሰው፤ ደግሞ ዳሰሰው። አለፈው።

«አሜን!»

«ተቀመጡ» አሉ አያቷ።

ወንበሮቹ ሲጢጥ አሉ፣ ቀሚሶች ተሰበሰቡ፣ ሰው ሁሉ ተቀመጠ። እሷ አልተቀመጠችም።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ቀጥሎ ከጎኗ ያለችው ሴት ቀሚሷን ጎተተቻት። ቀጥሎ ጋሼ ለምን ዞሩ፤ ከዚያ ከግድግዳው ሥር ሬዲዮ ቀና አለች። የልጅቷ ጉልበት ይዟታል።

አያቷ ደብተሩን ወደ ኋላ ሊገለብጡ ጀምረው እጃቸው ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ የቆመ ሰው የዝምታን ዓይነት ያውቃል። ጆሯቸውን ወደ ሕዝቡ አዘነበሉ።

«ማነው የቆመው?» አሉ።

ከእሷና ከእሳቸው መሀል የነበረው ሁለት ረድፍ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። የመስኮቱ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ፊቷ ላይ ነበር። በር ላይ የተቀመጡት እንኳ ያዩዋታል። ሰው እሷን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ አንባቢው ዞረ። ጋሼ ለምን አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም ሳይጠይቁ ዘጉት።

ጥያቄው አምልጧቸው ይሁን አውቀው፣ ያንን ከዚያ በኋላም ጠይቃቸው አታውቅም። ደብተሩን ግን ዘጉት። ከዘጉትም በኋላ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሊሰማ እንደተዘጋጀ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች።

የሕፃኗ ለቅሶ አንዴ ተሰማና ተቋረጠ። ልጅቷ ወደ ሕዝቡ ዞረች። በእጇ ምንም ወረቀት አልነበረም።

«የምነግራችሁን ተቀምጣችሁ ነው የምትሰሙት» አለች። «ጋሼ፣ እርስዎም ይጠይቁኝ።»